የተበሳን የባሕር ውኃ አኳሪየም ከሳምፕ ጋር በቱቦ ማገናኘት፦ መብራት ቢጠፋም ወለሉ እንዳይረጥብ

የመጀመሪያዬን የባሕር ውኃ አኳሪየም ከሳምፑ ጋር ያገናኘሁት በራሴ እጅ ነው። ሁለት ሳምንት ያለ አንዳች እንከን ሠራ። በሦስተኛው ሳምንት አንድ ሌሊት መብራት ጠፋ፤ ጠዋት ከአልጋ ስወርድ እግሬ ያረፈው ጨዋማ ኩሬ ላይ ነበር። ጥፋተኛው ውኃ ወደ ኋላ እንዳይመለስ ይከለክልልኛል ብዬ የተማመንኩበት ቼክ ቫልቭ ነው፤ ስፈታው የምስር ፍሬ የምታክል ቀንድ አውጣ ክዳኑ ሥር ተወትፋ አገኘኋት። ከዚያ ወዲህ ቱቦ ስዘረጋ ዓይኔን የምጥለው ፓምፑ በሚቆምበትና እንደገና በሚነሳበት ደቂቃ ላይ ነው። ከዚህ በታች ያለው አሠራርም ለዚያች ደቂቃ ታስቦ የተሰናዳ ነው።

ሳምፕ ማለት ከዋናው ገንዳ ሥር፣ ብዙውን ጊዜ በማስቀመጫው ካቢኔ ውስጥ የሚቀመጥ ሁለተኛ ገንዳ ነው። ውኃው ከላይ በራሱ ክብደት ይወርዳል፤ ከታች ያለው ፓምፕ መልሶ ይገፋዋል። ማሞቂያው፣ የፕሮቲን ስኪመሩ (ቆሻሻውን በአረፋ የሚያወጣው ዕቃ) እና ማጣሪያው ከዓይን ተሰውረው እዚያ ይቀመጣሉ። ጠቅላላው የውኃ መጠን ስለሚጨምር ሙቀቱና ጨዋማነቱ ቶሎ ቶሎ አይዋዥቅም፤ ውኃው የሚወርደው ከላይኛው ገጽ ስለሆነም እዚያ የሚንሳፈፈውን ስስ ቅባት ጠርጎ ይወስዳል።

ቀዳዳዎቹን ይወቋቸው

ተበስተው የሚሸጡ ገንዳዎች ብዙዎቹ በአንድ ማዕዘን ወይም በጀርባቸው መሐል የቆመ ጠባብ ሳጥን አላቸው። የሳጥኑ አፍ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ያወጣ ነው፤ ውኃው በጥርሶቹ መካከል ሾልኮ ወደ ሳጥኑ ይወድቃል። በሳጥኑ ወለል ላይ ሁለት ቀዳዳዎች ይኖራሉ፤ ትልቁ ለመውረጃ፣ ትንሹ ለመመለሻ ተብሎ የተበሳ።

እኔ ሁለቱንም ለመውረጃ ማዋል ይሻላል ባይ ነኝ። የመመለሻው ቱቦ በገንዳው ጀርባ ወጥቶ ከአፋፉ በላይ ተሻግሮ ይግባ። መልኩን ትንሽ ያበላሸዋል፤ አልክድም። ይሁን እንጂ አንድ መውረጃ ብቻ ያለው ገንዳ ደኅና የሚሆነው የተበጠሰ አልጌ ወይም መንገድ የሳተች ቀንድ አውጣ እስክትገባበት ድረስ ነው። ድምፁም አይቻልም፤ ውኃና አየር በአንድ ቱቦ ሲሻሙ የመጸዳጃ ቤት ውኃ ሌሊቱን ሙሉ ሲለቀቅ ያደረ ይመስላል። በቱቦው ጫፍ ቲ (ሦስት አፍ ያለው መገጣጠሚያ) ገጥሞ ክዳኑ ላይ ትንሽ የአየር ቀዳዳ መተው፣ ማለትም ዱርሶ የሚባለው አሠራር፣ ጩኸቱን ይቀንሰዋል እንጂ አያጠፋውም።

ሁለት ቀዳዳ ሲኖር ኸርቢ የሚባለውን መሥራት ይቻላል። ዋናው ቱቦ አየር ሳይቀላቀልበት በውኃ ብቻ ተሞልቶ ይወርዳል፤ ይህ ሙሉ ሳይፎን ይባላል፤ መጠኑንም በቫልቭ እንገራዋለን። ሁለተኛው ቱቦ ባዶውን ቆሞ ክፉ ቀን ይጠብቃል። ሦስት ቀዳዳ ላለው ደግሞ ቢን አኒማል የተባለው አሠራር አለ፤ በሁለቱ መካከል ውኃና አየር አብረው የሚወርዱበት ሦስተኛ ቱቦ ስለሚገባ ትንንሽ የፍሰት ለውጦችን ራሱ ያቻችላል። ሦስት ቀዳዳ ካለዎት እርሱን ይምረጡ። እዚህ የማሳየው ባለሁለቱን ነው።

ሌላ ቀዳዳ ልጨምር የሚል ሰው ካለ፣ መስታወቱ በሙቀት የጠነከረ አለመሆኑን ሳያረጋግጥ መሰርሰሪያ እንዳያነሳ። የጠነከረ መስታወት ሲሰረሰር ደቅቆ ይበታተናል፤ የብዙ ገንዳዎች ወለል ደግሞ ከእንዲህ ያለ መስታወት የተሠራ ነው። ከመስታወቱ ጀርባ የበራ የኮምፒውተር ስክሪን ያስቀምጡና ፖላራይዝድ የሆነ የፀሐይ መነጽር ስክሪኑ እስኪጠቁር ድረስ እያዞሩ በመስታወቱ ውስጥ ይመልከቱ። መስመር ወይም ነጠብጣብ የመሰለ ጥላ ከታየ አይንኩት።

ከመጋዝ በፊት እርሳስ

ገንዳው 120 ሴንቲ ሜትር ርዝመት፣ 50 ስፋት፣ 60 ቁመት አለው እንበል፤ 360 ሊትር ይይዛል። ከሥሩ ያለው ሳምፕ 80 በ40 በ40 ነው፤ ፓምፑ ሲሠራ በውስጡ ያለው ውኃ 22 ሴንቲ ሜትር ላይ ይቆማል። መብራት ሲጠፋ ከላይ ስንት ሊትር ይወርዳል? ገንዳው በ3 ሴንቲ ሜትር ቢቀንስ 120 በ50 በ3፣ ማለትም 18 ሊትር ነው። 20 በ15 የሆነውና 55 ሴንቲ ሜትር ውኃ የሚይዘው የመውረጃ ሳጥን ተንጠፍጥፎ ቢያልቅ 16 ሊትር ተኩል ይጨምራል። ብዙውን ጊዜ ሙሉ በሙሉ አይፈስም፤ እኛ ግን የከፋውን እንቁጠር። በቱቦዎቹ ውስጥ ያለው ሁለት ሊትር ቢደርስ ነው፤ የውስጥ ስፋቱ 2.5 ሴንቲ ሜትር የሆነ ቱቦ በአንድ ሜትር ግማሽ ሊትር ገደማ ይይዛል። ድምሩ 36 ሊትር ተኩል ሆነ። የሳምፑ ወለል 3,200 ካሬ ሴንቲ ሜትር ስለሆነ ውኃው 11 ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል ከፍ ብሎ 33 ተኩል አካባቢ ይቆማል፤ ከአፋፉ ከስድስት ሴንቲ ሜትር በላይ ይተርፋል። ይህ ይበቃል። የእርስዎ ድምር አፋፉን ካለፈ ሳምፑን በትልቅ ይለውጡ ወይም ውኃውን ዝቅ አድርገው ያሠሩት። ቼክ ቫልቭ ያድነኛል ብለው አያስሉት፤ የእኔን ቀንድ አውጣ ያስታውሱ።

ሁለተኛው ስሌት በተቃራኒው ነው። ሁለቱም መውረጃዎች ቢደፈኑ ፓምፑ በሳምፑ ውስጥ የተከለለለትን የራሱን ክፍል እስኪያደርቅ ድረስ ወደ ላይ መግፋቱን አይተውም። የፓምፑ ክፍል 40 በ20 ቢሆንና ከፓምፑ መሳቢያ በላይ 12 ሴንቲ ሜትር ውኃ ቢኖረው 9.6 ሊትር ይሆናል። የላይኛው ገንዳ ከውኃው እስከ አፋፉ 3 ሴንቲ ሜትር ክፍት ከሆነ 18 ሊትር ይችላል። ስለዚህ ፓምፑ በባዶ ይጮኻል እንጂ ቤቱ አይጥለቀለቅም። የፓምፑን ክፍል ትንሽ አድርጎ መሥራት የሚመረጠው በዚህ ምክንያት ነው።

ፓምፑን በተመለከተ በሰዓት የገንዳውን መጠን አምስት እጥፍ ያህል፣ በዚህ ምሳሌ 1,800 ሊትር፣ ቢያመላልስ በቂ ነው። ለኮራሎቹ የሚያስፈልገውን ኃይለኛ ሞገድ በገንዳው ውስጥ የሚቀመጡ የሞገድ ፓምፖች ይፈጥራሉ። ካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፈው ቁጥር ፓምፑ ምንም ዓይነት ዳገት ሳይወጣ የሚገፋው እንደሆነ አይዘንጉ። ከሳምፑ ውኃ እስከ ገንዳው አፋፍ ያለውን ከፍታ ለክተው፣ ለእያንዳንዱ ጎሚቶ ትንሽ ጨምረው፣ በመመሪያው ሠንጠረዥ ላይ በዚያ ከፍታ ስንት ሊትር እንደሚሰጥ ይመልከቱ።

ዕቃው

ቱቦውም መገጣጠሚያውም ፒቪሲ ይሁን። ነሐስ ወይም መዳብ ያለበት ቫልቭ፣ ኒፕልም ሆነ ብሎን ወደዚህ ውኃ አይግባ፤ መዳብ ለዓሣው ብዙም ሳይታወቅ ኮራሉን፣ ሽሪምፑንና ቀንድ አውጣውን ይጨርሳል። ቱቦና መገጣጠሚያ ሲገዙ ልኩ በኢንችና በሚሊ ሜትር እንዳይቀላቀልብዎት። ባለ 1 ኢንቹ ቱቦ የውጭ ስፋቱ 33.4 ሚሊ ሜትር ነው፤ በሚሊ ሜትር የሚሸጠው አቻው 32 ነው። በእጅ ሲይዟቸው አንድ ይመስላሉ። ባለ 32ቱን ባለ ኢንቹ ጎሚቶ ውስጥ ቢከቱት ይገባል፤ እንዲያውም በቀላሉ ይገባል፤ ማጣበቂያውም ለጊዜው ይይዘዋል። ከወር በኋላ ግን ያንጠባጥባል።

ለዋናው መውረጃ አንድ ጌት ቫልቭ ይግዙ። በሩብ ዙር የሚዘጋው ቦል ቫልቭ ርካሽ ቢሆንም ለዚህ ሥራ አይመችም፤ የምንፈልገው ፀጉር የምታክል ለውጥ ማድረግ የሚያስችለውን ነው። ከዚህ ሌላ ለእያንዳንዱ ቱቦ አንድ ዩኒየን (ቱቦውን ሳይቆርጡ በእጅ የሚፈታ መገጣጠሚያ)፣ ባለ 45 ዲግሪ ጎሚቶዎች፣ ሴጌቶ፣ ብርጭቆ ወረቀት፣ የፒቪሲ ማጽጃና ማጣበቂያ፣ እንዲሁም ቴፍሎን ያዘጋጁ።

በቀዳዳው የሚያልፈው ማገናኛ

ቱቦው መስታወቱን የሚያቋርጠው ባልክሄድ በሚባለው ማገናኛ ነው። በአንድ በኩል ሰፊ ከንፈር፣ በሌላው በኩል ዳዶ አለው። ጎማው ከከንፈሩ ጋር ሆኖ ውኃ ባለበት በኩል፣ ማለትም በሳጥኑ ውስጥ ይቀመጣል፤ ዳዶው ከውጭ ይታሰራል። የቀዳዳውን ዙሪያ በጨርቅ ያጽዱ፤ አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ጎማው ሥር ከቀረች ስትንጠባጠብ ትኖራለች። ሲሊኮን መጨመር አያስፈልግም፤ ጎማው ደረቅ ሆኖ በንጹሕ መስታወት ላይ ሲያርፍ ይበቃዋል። ዳዶውን በእጅዎ እስከቻሉት ካጠበቁ በኋላ በመፍቻ ሩብ ዙር ይጨምሩ፤ ከዚያ በላይ አይሂዱ። መስታወት ሲሰነጠቅ አስቀድሞ አይናገርም። አንዳንዶቹ ዳዶዎች ወደ ግራ የሚጠብቁ ስለሆኑ ጥርሱን ሳያዩ አይታገሉ።

በሳጥኑ ውስጥ

ሁለት የቆሙ ቱቦዎች ያስፈልጋሉ። የመጠባበቂያው ረጅም ነው፤ ጫፉ ከሳጥኑ ጥርሶች ግርጌ አምስት ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ይበል። የዋናው ጫፍ ከመጠባበቂያው ጫፍ ቢያንስ 15 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ይበል፤ ለገጹ ከቀረበ ውኃው እየተሽከረከረ አየር ይስባል፤ አየር ከሳበም ሳይፎንነቱ ቀርቶ ይንቆረቆራል። በዋናው ጫፍ ላይ ወንፊት ይግጠሙ፤ በመጠባበቂያው ላይ ግን ምንም አይኑር። እነዚህን ሁለቱን አያጣብቁ፤ ባልክሄዱ ውስጥ ጠበቅ አድርገው ይሰኳቸው። እዚያ ጥቂት ቢያፈስ ውኃው ወደ ሳምፑ ይወርዳል እንጂ ወለል አይነካም፤ ለማጽዳትም በቀላሉ ይነቀላሉ።

ከሳጥኑ በታች

ቱቦው ከባልክሄዱ ተነስቶ በተቻለ መጠን ቀጥ ብሎ ይውረድ። መታጠፍ ካለበት በባለ 90ው አንድ ጎሚቶ ፋንታ በሁለት ባለ 45 ይታጠፍ። አግድም የሚሄድ ቁራጭ አይኑር፤ አየር ተጠራቅሞ የሚቀረው እዚያ ነው። ዩኒየኑ ከባልክሄዱ ሥር፣ ጌት ቫልቩ ደግሞ ወደ ታች፣ ከሳምፑ ውኃ በላይ እጅ በሚደርስበት ቦታ ይሁን። ቫልቭ ያለው ዋናው መውረጃ ብቻ ነው። የመጠባበቂያው ቱቦ ላይ ቫልቭ የሚገጥም ሰው የአደጋ መውጫ በር ላይ ቁልፍ እንዳደረገ ይቁጠር።

የሁለቱ ጫፍ ሳምፑ ውስጥ እንዴት እንደሚያርፍ ብዙ ሰው አያስብበትም። የዋናው ጫፍ ከሳምፑ ውኃ ሁለት ወይም ሦስት ሴንቲ ሜትር ብቻ ይጥለቅ። ከዚያ በላይ ከጠለቀ መብራት ሲመለስ በቱቦው ውስጥ የታመቀው አየር መውጫ ያጣል፤ ሳይፎኑ አይነሳም፤ ውኃው በመጠባበቂያው እየጮኸ ይወርዳል። የመጠባበቂያው ጫፍ ደግሞ ከውኃው በላይ ይቅር። ውኃ በፏፏቴ ድምፅ ሲወርድበት ከሌላ ክፍል ሆነው ይሰማሉ፤ ያለ ባትሪ የሚሠራ ማስጠንቀቂያ ነው።

መቁረጥና ማጣበቅ

ሁሉንም ቆርጠው ያለ ማጣበቂያ ይገጣጥሙት። ያለ ማጣበቂያ ሲገጣጠም ልኩ ትንሽ ይሳሳታል፤ ምክንያቱም ቱቦው በደረቁ እስከ መገጣጠሚያው ግርጌ ድረስ አይገባም፤ ማጣበቂያው ሲያለሰልሰው ጥቂት ሚሊ ሜትር ይጨምራል። ይህን በርዝመቱ ላይ ያስቡበት። ከዚያ እያንዳንዱ መጋጠሚያ ላይ ከቱቦው እስከ ጎሚቶው የሚያልፍ መስመር በእስክሪብቶ ያስምሩ፤ በኋላ አቅጣጫው እንዳይጠፋ የሚጠብቀው ያ መስመር ነው። የተቆረጠውን ጫፍ ሽርፍራፊ በብርጭቆ ወረቀት ያጥፉ።

የፒቪሲ ማጣበቂያ እንደ ተራ ሙጫ አይደለም፤ ፕላስቲኩን አሟሙቶ ሁለቱን አካል አንድ ያደርጋቸዋል። ስለዚህ ስህተት ማረሚያ ጊዜ የለም። ሁለቱንም ወገን በማጽጃው ይጥረጉ፤ ማጣበቂያውን በቱቦው ላይ ወፈር፣ በመገጣጠሚያው ውስጥ ሳሳ አድርገው ዙሪያውን ይቀቡ፤ ሳይዘገዩ መስመሮቹ በሩብ ዙር ተራርቀው ሳሉ ይክተቱትና መስመሮቹ እስኪጋጠሙ ድረስ እየገፉ ያዙሩት። አሁን አይልቀቁት። መጋጠሚያው ቱቦውን ቀስ ብሎ ወደ ውጭ ይገፋል፤ ለ30 ሰከንድ ያህል አጥብቀው ይያዙት። በዙሪያው ቀጭን የማጣበቂያ ቀለበት ከወጣ መልካም ነው፤ ቀለበቱ አንድ ቦታ ላይ ከተቋረጠ እዚያ አልደረሰም ማለት ነው። መስኮት ይክፈቱ፤ ጭሱ ለሰውም ለዓሣም አይበጅም። ውኃ ከማስገባትዎ በፊት 24 ሰዓት ይጠብቁ።

ጥርስ ያለው መጋጠሚያ ማጣበቂያ አይቀባም። ጫፉን ፊት ለፊት ይዘው ቴፍሎኑን በሰዓት ቆጣሪ አቅጣጫ ሦስት ወይም አራት ጊዜ ይጠምጥሙት፤ በተቃራኒው ከጠመጠሙት ሲያስገቡት ይተረተራል።

መመለሻው

ከፓምፑ አፍ የሚነሳው የመጀመሪያ ቁራጭ ለስላሳ የሲሊኮን ቱቦ ይሁን፤ የፓምፑን ንዝረት ስለሚውጠው ካቢኔው አይጮኽም። ከዚያ ወደ ላይ በፒቪሲ ይቀጥሉ፤ ዩኒየን እዚህም አይቅር። ወደ ገንዳው የሚገባው ጫፍ ከውኃው ገጽ ሁለት ሴንቲ ሜትር ብቻ ዝቅ ይበል። ፓምፑ ሲቆም ውኃው በዚህ ቱቦ ወደ ኋላ መሳብ ይጀምራል፤ የሚቆመው ጫፉ አየር ሲያገኝ ነው። ጫፉ 20 ሴንቲ ሜትር ከጠለቀ በምሳሌያችን ገንዳ 120 ሊትር ይወርዳል። ለተጨማሪ ዋስትና ከውኃው ገጽ ትንሽ ዝቅ ብሎ በቱቦው ላይ 6 ሚሊ ሜትር የሆነ ቀዳዳ ይብሱ፤ ውኃው ከቀዳዳው በታች ሲሆን አየር ገብቶ ስበቱን ይበጥሰዋል።

በባዶ ውኃ መፈተን

ጨው ከመጨመርዎ በፊት በንጹሕ ውኃ ይሞክሩት። የኤሌክትሪክ ገመዶቹ ሁሉ ወደ ሶኬቱ ከመድረሳቸው በፊት ወደ ታች ወርደው ተመልሰው እንዲወጡ ያድርጉ፤ በገመዱ ላይ የሚፈስ ውኃ ከታችኛው እጥፋት ላይ ይንጠባጠባል እንጂ ሶኬት ውስጥ አይገባም። ሶኬቱም ኤሌክትሪክ ሲያፈተልክ ራሱን የሚያጠፋ ዓይነት ይሁን።

ጌት ቫልቩን ሙሉ በሙሉ ይክፈቱና ፓምፑን ያስነሱ። መጀመሪያ ይንቆረቆራል፤ አረፋ ይተፋል። አሁን ቫልቩን በዝግታ ይዝጉት፤ ግማሽ ዙር፣ ከዚያ ትንሽ ቆይተው ሩብ ዙር። በሳጥኑ ውስጥ ያለው ውኃ እየወጣ የዋናውን ቱቦ ጫፍ ይሸፍናል፤ በዚህ ጊዜ ድምፁ ይቆማል። ውኃው ወደ መጠባበቂያው ጫፍ ሲጠጋ እጅዎን ያለዝቡ። የሚፈለገው ቦታ በመጠባበቂያው ቱቦ ግድግዳ ላይ ክር የምታክል ውኃ ያለ ድምፅ ስትወርድ ነው። አንድ ጊዜ ከነኩት በኋላ ውኃው እስኪረጋ አምስት ደቂቃ ይጠብቁ፤ ብዙ ሰው የሚያበላሸው ሳይረጋ ደጋግሞ በማዞር ነው።

ቀጥሎ ፓምፑን ያጥፉት። ሳምፑ ሲሞላ ቆመው ይመልከቱ፤ ውኃው ሲረጋ የደረሰበትን በቋሚ ቀለም ያስምሩ፤ ከወረቀቱ ስሌት ጋርም ያስተያዩት። መልሰው ያስነሱት፤ ሳይፎኑ በደቂቃዎች ውስጥ በራሱ መነሳት አለበት። ይህን አምስት ጊዜ ይድገሙት። በመጨረሻ ጌት ቫልቩን ሙሉ በሙሉ ይዝጉትና ፓምፑን ያስነሱ፤ መጠባበቂያው ብቻውን ሁሉንም ውኃ ያለ ችግር ማውረድ ይችላል? ከቻለ ቤትዎ ዋስ አገኘ። ካልቻለ ፓምፑ በዝቶበታልና በትንሽ ይለውጡት። ሲስተሙን 24 ሰዓት እንዲሠራ ትተው እያንዳንዱን መጋጠሚያ በደረቅ ሶፍት ይዳብሱት፤ ዓይን ያላየውን ጠብታ ሶፍት ያሳያል።

ሲሠራ

በትነት የሚቀንሰው ውኃ በላይኛው ገንዳ ላይ አይታይም፤ የሚጎድለው የፓምፑ ክፍል ነው። የሚተነው ንጹሕ ውኃ ስለሆነ የሚተካውም ጨው የሌለው ንጹሕ ውኃ ነው፤ ጨው ያለው ውኃ ከጨመሩ ከሳምንት ሳምንት ጨዋማነቱ ይወጣል። ሲሞሉም ፓምፑ እየሠራ የሚኖረውን መስመር አያልፉ፤ ያንን መስመር ካለፉ ሲቆም የሚወርደው 36 ሊትር መግቢያ ያጣል።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በቱቦው ውስጥ ስስ ልባስ ስለሚያድር ጌት ቫልቩ ትንሽ ማስተካከያ ይጠይቃል። በመመለሻው ላይ የበሱትን ቀዳዳ በወር አንድ ጊዜ በጥርስ መፋቂያ ያጽዱት፤ አልጌ ቶሎ ይደፍነዋል። አንድ መጋጠሚያ ላይ ነጭ የጨው ቅርፊት ካዩ በእርጥብ ጨርቅ ጠርገው በማግሥቱ ይመልከቱት። ካልተመለሰ ከፓምፑ የተፈናጠረ ነበር። ከተመለሰ ግን እዚያ ለዓይን የማይታይ ጠብታ አለ፤ ዩኒየኑን ፈትተው ጎማውን ያጥቡና መልሰው ይሰሩት።